አሥራ አንድ ስም

ከፈለኝ ልብስ ሰፊ ነው። ቦንጋ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በጋሽ ወልደሥላሴ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ከበረንዳው ጀርባ ያለችው አንዲት ክፍል ደግሞ መኖሪያው ነበረች። ሚስቱ ዝማሬ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም።

ዝማሬ የሞተች ሰሞን ሰፈሩ ብቻውን አላሳደረውም። ወንዶቹ ተራ ገብተው፣ አንዳንዱ ፍራሹን ተሸክሞ፣ አንዳንዱ በጋቢ ብቻ፣ ከአርባ ቀን በላይ አብረውት አደሩ። ጎኑ ሻይ ቤት ያላት ኸይሪያ ቁርሱን ሳይበላ መኪናው ላይ እንዳይቀመጥ ትቆጣጠረው ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ፈለቀ ነው የደረሰለት። ፈለቀ አብሮ አደጉ ነው፤ ከማንኪራና ከደካ ገበሬዎች ማር እየገዛ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች ይልካል። ተራው ባልሆነ ቀንም መጥቶ ያድራል፤ ሲተኛ ደግሞ ያንኮራፋል። ከፈለኝ ያን ጊዜ ሲያነሳ «ሐዘኔን እንኳ በወጉ አላዘንኩም፤ ፈለቀ እያንኮራፋ እንዴት ተደርጎ!» እያለ ይስቅ ነበር።

ፈለቀ የሚኖረው ከእናቱ ከእትዬ ላቀች ጋር ነው። እትዬ ላቀች ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ከአልጋ አይነሱም። ልጃቸው ማር ሊገዛ ገጠር በወጣ ቁጥር የጎረቤት ሴቶች እየተፈራረቁ ያዩዋቸው ነበር፤ አንዷ ታጥባቸዋለች፣ አንዷ ታጎርሳቸዋለች፣ አንዷ ደግሞ ፈትሏን ይዛ መጥታ አጠገባቸው ትውላለች። ከፈለኝም እሁድ እሁድ ምሳውን እዚያ ነበር የሚበላው። አሮጊቷ አማርኛ ብዙም ስለማይሆንላቸው የሚያወሩት በካፊኖኖ ነው። «ሌላ ሚስት አምጣ» ይሉታል፤ እሱ «እርስዎ ይፈልጉልኝ» ይላቸዋል፤ እሳቸው ስም መጥራት ይጀምራሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ድሮ ያገቡ፣ አንዳንዶቹም ድሮ የሞቱ ነበሩ። ፈለቀ እየሳቀ እንጀራውንም ቆጮውንም ያቀርባል።

በሽታው አገር ውስጥ ገባ የተባለው መጋቢት 2012 ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ተሳስቦ ነበር። በየሱቁ በር ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ከነሳሙናው ተቀመጠ። ወጣቶች በባጃጅ እየዞሩ በድምፅ ማጉያ ይናገራሉ፣ ደካሞች ቤት ዱቄትና ዘይት ያደርሳሉ። ከፈለኝም ከአቡጀዴ ማስክ እየሰፋ በነፃ ያድል ነበር።

ወር፣ ሁለት ወር ሲያልፍ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ጀሪካኖቹ ባዶ ሆነው ቀሩ፤ ሁሉም ሌላው ይሞላዋል ብሎ ያልፋል። ሳሙናው ተሰረቀ። ሰው የራሱን አልኮል በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ፤ ተጠቅሞም ቶሎ ወደ ኪሱ ይመልሰዋል። ቀኑን ሙሉ ተከፍተው የሚውሉ የግቢ በሮች ከውስጥ ተቀረቀሩ። እትዬ ላቀችን ያዩ የነበሩ ሴቶችም አንድ በአንድ ቀሩ። አንዷ ልጇ አስም እንዳለበት ተናገረች። ሌላዋ ባሏ እንደከለከላት ተናገረች። ሦስተኛዋ ምንም ሳትናገር መምጣቷን ተወች። ፈለቀም ገጠር መውረዱን አቁሞ እናቱ ዘንድ ዋለ።

ሰኔ ላይ የማስክ ላስቲክ ከቦንጋ ጠፋ። ከፈለኝ ዓርብ ጅማ ሄዶ፣ ላስቲክና ጨርቅ ገዝቶ ቅዳሜ ተመለሰ። በሚኒባሱ ውስጥ ከኋላው የተቀመጠ ሰውዬ መንገዱን ሙሉ ሲያስል ነበር። አንዲት ሴት መስኮቱን ከፈተች፤ ዝናብ ገባብን ብለው ጮኹባትና ተዘጋ።

በማግስቱ እሁድ ከፈለኝ እትዬ ላቀች ቤት አልሄደም። ለፈለቀ ደውሎ «ከመንገድ ነው የመጣሁት፤ እሳቸው አቅመ ደካማ ናቸው፤ ትንሽ ቀን ይለፍ» አለው። አሮጊቷ ግን አልገባቸውም፤ ተቀይሞ ነው ብለው ያዙ። ረቡዕ ዕለት ፈለቀን «ሄደህ አብላው» ብለው ላኩት። ፈለቀ በሰሃን ይዞ መጣ። ዝናብ ስለነበር ከፈለኝ ክፍል ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ከአንድ ሰሃን በሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወቱ። በማግስቱ ጠዋት ከፈለኝን አተኮሰው። የስፌት መኪናውን ዘይት ሲያጠጣ ደግሞ የዘይቱ ሽታ አልመጣለትም።

ዓርብ ከጤና ጣቢያው ሲስተር ፀጋ መጣች። ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች፣ ቦንጋ ከገባች ዓመት ያልሞላት ልጅ ነች። ከበረንዳው በታች ጭቃው ላይ ቆማ «ጋሽ ከፈለኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከጅማ በሚኒባስ መጥተዋል?» አለችው።

«አዎ።»

«አብሮዎት የነበረ አንድ ተሳፋሪ ቫይረሱ ተገኝቶበታል።»

ናሙናውን ወስዳ ከክፍሉ እንዳይወጣ ነገረችው። ሰኞ ጠዋት ቫይረሱ እንዳለበት ተነገረው፤ ወዲያው አምቡላንሱ መጣ። ሳይረኑን ማስጮህ አያስፈልግም ነበር፤ አስጮኹት። ሰው ከየበሩ ወጥቶ ቆመ። ከፈለኝ ትንሽ ሻንጣውን ይዞ በራሱ እግር ሄዶ ተሳፈረ። ሃያ ዓመት የኖረበት ሰፈር ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ከሩቅ «እግዜር ይማርህ» አላለውም። ኸይሪያ ትንሿን ልጇን በክንዷ ስባ ወደ ውስጥ ስታስገባ አያት።

ያስገቡት ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ከተሸኙ በኋላ ባዶ በቀረ የተማሪ ማደሪያ ውስጥ ነው። አራት አልጋ ባለበት ክፍል ብቻውን ተኛ። ገና ሻንጣውን ሳይከፍት ስልኩ ጮኸ። ፈለቀ ነበር።

«ወሰዱህ አሉ።»

«ወሰዱኝ። ደህና ነኝ፤ ትንሽ ትኩሳት ነው።»

«ስም ይጠይቁሃል» አለ ፈለቀ።

«ይጠይቁኛል።»

«እኔን እንዳትሰጥ።»

ከፈለኝ ሻንጣውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ስማኝ» አለ ፈለቀ። «ምንም አላመመኝም። ከቤት አልወጣም፤ ራሴን ቆልፌ እቀመጣለሁ። አሥራ አራት ቀን ከወሰዱኝ ግን እናቴን ማን ያያታል? ማን ውሃ ይሰጣታል? ማን ያነሳታል? አንድ ሰው ጥራልኝና እኔው ራሴ በእግሬ እመጣለሁ። አንድ ሰው ብቻ።»

ከፈለኝ የሰፈሩን ሰው በልቡ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ዞረ። እያንዳንዱ በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። ያን ሁሉ ሌሊት አብረውት ካደሩት ሰዎች መካከል አሁን እትዬ ላቀች ቤት የሚገባ አንድም አላገኘም።

«እሺ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ፀጋ ሙሉ ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ፎርሟን ይዛ በመስኮቱ በኩል ቆመች። ከቅዳሜ ወዲህ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በላይ አብረውት የቆዩትን ጠየቀችው። ከፈለኝ እያሰበ ተናገረ። ጋሽ ወልደሥላሴ። ኸይሪያ። ሱሪውን ሊያሳጥር የመጣው መምህር እስክንድር። ባለ ባጃጁ አብዮት። ማስክ በብዛት ያሰፉ ሁለት የማኅበር ሴቶች። ክር የሚያመጣለት ነጋዴ። እያለ እያለ አሥራ አንድ ሰው ቆጠረ። ማንንም ለመጉዳት አላሰበም፤ በሽታው ይዟቸው ከሆነ ቶሎ ይታወቅ ብሎ ነው። መምህር እስክንድር የሚከራይበትን ግቢ ሁሉ በደንብ አስረዳት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«አብሮዎት የበላ ሰው የለም?»

«ብቻዬን ነው የምበላው» አለ ከፈለኝ።

ፀጋ ጻፈች።

አሥራ አንዱም በዚያው ቀን ተወሰዱ። ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው የገቡት። ጋሽ ወልደሥላሴ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አምቡላንስ ሞልቶ ስለነበር በፒክአፕ ጭነው ወሰዷቸው። የኸይሪያ ባል ሚዛን ከተማ ሾፌር ነው፤ ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። ሦስት ልጆቿ ብቻቸውን ቀሩ፤ ታላቋ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው።

ከፈለኝ ሕመሙ አልከፋበትም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ምግብ በር ላይ ተቀምጦ ይንኳኳለታል፤ ሲከፍት የሚያንኳኳው ሰው ጀርባ ብቻ ይታየዋል። ፈለቀ በየቀኑ ከሰዓት ይደውላል፤ እናቱ ምን እንዳሉ ይነግረዋል። «ከፈለኝ የት ሄደ?» ይላሉ። «ሥራ በዝቶበት ነው» ይላቸዋል። በስድስተኛው ቀን ፈለቀ እያወራ ሳለ ሳል ያዘው።

«ምንድነው እሱ?» አለ ከፈለኝ።

«ብርድ ነው። በዚህ ዝናብ ማን የማይስል አለ?»

በማግስቱ አልደወለም። ከፈለኝ ደወለለት። ድምፁ ሻክሮ ነበር። ለሁለት ቀን እንዲሁ በአጭር በአጭሩ ተነጋገሩ። ከዚያ አንድ ቀን ፈለቀ «እናቴ እህል አልቀምስም ብላለች» አለው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት ወዲያ። ትተኩሳለች። ስትተነፍስ ድምፅ አለው።»

«ሐኪም ቤት ውሰዳቸው።»

«ወስጄ ምን ልበል? ከአልጋ የማትነሳ ሴት ከየት አመጣችው ሲሉኝ ምን ልበል? አንተስ ምን ልትል ነው?» አለና ስልኩን ዘጋው።

ከፈለኝ ያን ቀን ስልኩን በእጁ ይዞ ዋለ። መልሶ ቢደውልም ፈለቀ አያነሳም። ለፀጋ ልንገራት ብሎ ተነሳ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ከነገራት ዋሽቶ እንደነበር ይታወቃል፤ ፈለቀም ደብቆ እንደነበር ይታወቃል። ያን ጊዜ ደንቡ ጥብቅ ስለነበር እስር ሊኖረው እንደሚችል ሰምቷል። እስከ ነገ ይሻላቸው ይሆናል ብሎ አንድ ቀን አሳለፈ። ያቺን አንድ ቀን በኋላ ስንት ጊዜ መልሶ እንዳሰባት እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

በማግስቱ ጠዋት ፀጋ ሙቀቱን ልትለካ ስትመጣ «ሲስተር፣ እትዬ ላቀች ቤት ሂዱ» አላት። «የፈለቀ እናት። ታመዋል።»

ፀጋ በመስኮቱ ውስጥ አየችው። ከማስኩ በላይ ዓይኖቿ ብቻ ናቸው የሚታዩት። ምንም ሳትጠይቀው ሄደች።

እትዬ ላቀችን አምጥተው ኦክስጅን አደረጉላቸው። ሁለት ቀን ቆይተው ሞቱ። ፈለቀም ተመርምሮ ቫይረሱ ስለተገኘበት ከከፈለኝ ክፍል አንድ ክፍል አልፎ አስገቡት፤ እናቱ ሲቀበሩ አልወጣም። ቀብሩን ለከፈለኝ የነገረችው ፀጋ ነች።

«ስንት ሰው ነበር?» አላት።

«አምስት። አራቱ እኛ ነን፣ ከጤና ጣቢያው። አንድ ቄስ ደግሞ ራቅ ብለው ቆመው ፈቷቸው።»

«ከሰፈር?»

ፀጋ የለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። መቀራረብ እንጂ ርቆ መቆም አልተከለከለም ነበር። መንገዱ ዳር ቆሞ ማልቀስ ይቻል ነበር። እትዬ ላቀች እዚያ ሰፈር ልጅ ሳሉ ገብተው፣ አዋልደው፣ ድረው፣ ቀብረው ያረጁ ሴት ናቸው።

ከፈለኝ በግድግዳው በኩል ፈለቀን ሲያስል ይሰማዋል። በመካከላቸው ያለው ክፍል ባዶ ስለሆነ ድምፁ ሳይቀንስ ይደርሳል። ደወለለት፤ ስልኩ እዚያ ሲጮህ ሰማው፤ ጮኾ ጮኾ ቆመ። ግድግዳውን አንኳኳ። መልስ አልመጣም። አንድ ጊዜ ፈለቀ እያለቀሰ መሰለው። ተነስቶ በሩን ቢከፍት ጠባቂው «ወደ ውስጥ!» አለው። ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

አሥራ አንዱ ሰዎች በእትዬ ላቀች ቀብር ማግስት ተለቀቁ። አንዱም በሽታው አልተገኘበትም። ከፈለኝ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነፃ ነህ የሚል ወረቀት ተሰጥቶት ወጣ።

ሲመለስ ስም ወጥቶለት ጠበቀው። «መዝጋቢው» ይሉታል። ባለ ባጃጁ አብዮት፣ ከፈለኝ እጁን ሲያነሳለት፣ አይቶ እንዳላየ አለፈው። የኸይሪያ ሻይ ቤት ክፍት ነበር፤ እሷ ግን ቀና ብላ አላየችውም። የስፌት መኪናውን አቧራ ሲጠርግ ጋሽ ወልደሥላሴ ከቤት ወጡ።

«መጣህ?»

«መጣሁ ጋሼ። እንደምን ከረሙ?»

«እንደምን እከርማለሁ? ሃያ ዓመት በረንዳዬ ላይ ያስቀመጥኩህ ሰው ስሜን ሰጥተህ፣ እንደ ሌባ በፒክአፕ አስጭነህ ላክኸኝ። ጎረቤት ሁሉ እያየ!»

«ተቀምጠን ብዙ ተጫውተን ነበር ጋሼ። ይዞዎት ቢሆንስ? ባለቤትዎም ቤት አሉ…»

«አልያዘኝማ! አልያዘኝም!» አሉ። «የገዛ ቤቴ ውስጥ ብታመም የራሴ ጉዳይ ነው። አንተን ማን አገባህ?» ትንሽ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤቱን እፈልገዋለሁ። እስከ መስከረም ሌላ ፈልግ» አሉት።

ስለ እትዬ ላቀችም ይወራ ነበር። በሽታውን ሰፈር ያስገባው ከፈለኝ ነው፣ ማስክ ሲያድል ነው ያስያዛቸው፣ ይባላል። ፈለቀ ተደብቆ እንደነበር ማንም አያውቅም። ከፈለኝም አልተናገረም።

ፈለቀ ከወጣ በኋላ ልቅሶ ሊደርስ ሄደ። ግቢው ውስጥ ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም። የማር ጀሪካኖቹ ባዶአቸውን ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። የእትዬ ላቀች አልጋ ተፈትቶ ቆሟል። ፈለቀ ከስቶ ነበር። ግባም ውጣም አላለውም። ከፈለኝ በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ለምን ሰማኸኝ?» አለ ፈለቀ።

ከፈለኝ ቀና ብሎ አየው። «አንተ ነህ እኮ የለመንከኝ።»

«እኔማ ፈርቼ ነበር። እናቴ ነች፤ ሌላ ነገር አልታየኝም። አንተ ግን ሁሉም ይታይህ ነበር። ወረቀቱ ፊት ለፊትህ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ስትሰጥ እኔን ምን ለየኝ?»

«ወንድሜ ነህ።»

«ወንድምህ ከሆንኩ ቀድመህ እኔን ነበር መስጠት የነበረብህ። ሁለታችንንም ያን ቀን ቢወስዱን እናቴ አንድ ዶክተር አጠገብ ትሆን ነበር።» ፈለቀ ፊቱን በእጆቹ አሸ። «ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ይሄን አውቃለሁ፤ በአንተ አላሳብብም። ግን ድምፅህን ስሰማ ያን ቀን በስልክ ‹እሺ› ያልከኝ ነው የሚመጣብኝ። አልቻልኩም ከፈለኝ። ለጊዜው አትምጣ።»

ከፈለኝ «ለጊዜው» ያለውን ይዞ ወጣ። በየበዓሉ ሊደውልለት ስልኩን ያነሳል፤ ያስቀምጠዋል። ፈለቀም አልደወለም። ጥቅምት ላይ ማር መግዛት ጀመረ ሲባል ሰማ፤ ደካ ሰንብቶ ይመጣል አሉ።

ከፈለኝ በመስከረም ወደ ሺሺንዳ በሚወጣው መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ ተከራይቶ ገባ። እዚያ የሚያውቀው ሰው የለም። ደንበኞቹ መንገደኞች ናቸው፤ ዚፕ ተበጥሶባቸው፣ ኪስ ተቀዶባቸው ይመጣሉ፤ ቆመው ያስጠግናሉ፤ ይሄዳሉ። አንዳንድ ቀን «ስንት ነው?» ከሚለው በቀር ሌላ ቃል ሳይሰማ ይመሻል።

መጋቢት 2013 ላይ በሽታው እንደገና በረታ። ፀጋ ጋውኗ ተቀዶባት ልታሰፋ መጣች። ከስታለች፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ጋውኑን ሲሰፋላት ከበሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቅ ጀመር።

«አሁንም ስም ትጠይቃላችሁ?» አላት።

«እንጠይቃለን።» ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። «ሁሉም ማንንም አላገኘሁም ነው የሚለኝ። ባለትዳሩም፣ አሥር ሠራተኛ ያለውም፣ ትናንት ሠርግ ደግሶ ያደረውም። ፎርሙን ቢያዩት ቦንጋ ሙሉ ሰዉ ብቻውን ነው የሚኖረው። እርስዎ ብቻ ነዎት አሥራ አንድ ሰው የሰጡኝ።»

ከፈለኝ ፔዳሉን አቆመ። «አሥራ ሁለት ነበሩ» አላት።

«ገብቶኛል» አለች ፀጋ። «እትዬ ላቀች ታመዋል ያሉኝ ቀን ነው የገባኝ። ልጠይቅዎት ነበር። ከጠየቅኩ ግን ሪፖርት መጻፍ፣ እርስዎንም ማስጠየቅ ሊመጣ ነው። ሦስት ቀን አልተኛሁም ነበር። ዝም አልኩ።» ጋውኗን ተቀብላ አጣጠፈች። «ማናችንም ንጹሕ አይደለንም፣ ጋሽ ከፈለኝ» ብላ ሄደች። በሳምንቱ ወደ ሆሳዕና ተዛወረች አሉ፤ ሳይሰነባበቱ ቀሩ።

ኸይሪያ የመጣችው የዚያኑ ዓመት ጳጉሜ ላይ ነው። ያን ጊዜ ማስክ የሚያደርግ ሰው እምብዛም አልነበረም፤ ስለ በሽታውም ማንም አያወራም። ዝናቡ ሊወጣ የመጨረሻ የመጨረሻውን ይዘንብ ነበር። ከፈለኝ አንገቱን ደፍቶ ክር ሲያሾልክ ጥላ አጠላበት። ቀና ሲል እሷ ነች። በፌስታል ጨርቅና ሦስት አሮጌ ዩኒፎርም ይዛለች።

«ለልጆቹ ነው» አለች። «በእነዚህ ለካና ትንሽ ለቀቅ አድርገህ ስፋቸው።»

ከፈለኝ ተነስቶ በርጩማ ሰጣት። «ከዚያ ድረስ በዝናብ? ቅርብ ሰፊ ጠፋ?»

«አልጠፋም።»

ጨርቁን ዘርግቶ በኖራ ማስመር ጀመረ። እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች።

«አንተን አይደለም የተቀየምኩት፣ ጋሼ» አለች ድንገት። «ሰሞኑን ብቻ ነው ይሄ የገባኝ። አንተ ላይ መናደድ ቀላል ነበር። ልጆቼ አሥራ አራት ቀን ብቻቸውን ሲከርሙ አንድ ሰው በራቸውን አላንኳኳም። ታላቋ ድስት ስታወርድ ክንዷ ተቃጥሎ ነበር፤ ስመጣ ነው ያየሁት፤ በጥርስ ሳሙና ቀብታዋለች። ጨው ሊገዙ ቢሄዱ ከሱቅ በር መልሰዋቸዋል። እነዚያ ሰዎች ጠዋት ጠዋት እኔ ቤት ነው ሻይ የሚጠጡት። ዛሬም ይጠጣሉ፤ እቀዳላቸዋለሁ። ምን ላድርግ? አንተ ግን ያየኸውን ነው የተናገርከው። አለቃ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ሁሉንም እኩል።»

ከፈለኝ ኖራውን አስቀመጠ። ዝም ቢል ያ ቃል እንደተባለ ይቀር ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረው ሰው የለም።

«እኩል አይደለም፣ ኸይሪያ» አላት። ሁሉንም ነገራት። የረቡዑን ምሳ፣ የፈለቀን ስልክ፣ ለፀጋ የዋሸውን፣ ከዚያ ደግሞ ዝም ብሎ ያሳለፋትን አንድ ቀን። ሲናገር ወደ እሷ አላየም።

አንድ የጭነት መኪና ጭቃ እየረጨ አለፈ።

«እናቴን ማን ያያታል አለህ?»

«አዎ።»

«እኔም ደውዬ ልጆቼን ማን ያያቸዋል ብልህ ኖሮ ትተወኝ ነበር?»

ከፈለኝ አዎ ሊላት አፉን ከፈተ። አልወጣለትም።

«እኔ አልደወልኩልህም» አለች ኸይሪያ። «መደወል እንደሚቻል አላወቅኩም ነበር።»

«እጽፍሽ ነበር» አላት። «ብትደውይም እጽፍሽ ነበር። ትክክሉ እሱ ነው እልሽ ነበር።»

ኸይሪያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ተነስታ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳብ አደረገች። «ለመስከረም ሦስት ይድረስልኝ» አለች።

«ለሁለት ይደርሳል።»

ጳጉሜን ሙሉ ሦስቱን ዩኒፎርም ሰፋ። ጫፋቸውን ሰፋ አድርጎ አጠፈው፤ ልጆቹ ሲያድጉ የሚለቀቅ እንዲኖረው። መስከረም ሁለት ኸይሪያ ራሷ መጣች። እየገለበጠች አየቻቸው፤ የአንገቱን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች። «ጥሩ ነው» አለች፤ ከፍላ፣ በፌስታል አድርጋ ሄደች። እሱ ሌላ ቃል የምትናገር መስሎት ጥቂት ጠብቆ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላም ትለዋለች፤ እሱም ሰላም ይላታል፤ ስለ ልጆቹ ይጠይቃታል፤ ደህና ናቸው ትለዋለች። ወደ ኪዮስኩ ግን አልመጣችም። ከፈለኝ ያንን ነገር ለእሷ ከተናገረ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ደረቱ ቀለል ብሎት ነበር። ይህንንም የሚነግረው ሰው አልነበረም።